የሙያ ምክር፦ ለምክር ቤት ልወዳደር ወይስ ሥራዬን ይዤ ልቀመጥ?

ከጎተንበርግ ለጻፍሽልኝ እኅታችን፣

ደብዳቤሽን ላላነበቡት በአጭሩ ላስቀምጠው። በዘጠኝ ዓመትሽ ከወላጆችሽ ጋር ስዊድን ገባሽ፤ አሁን ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ተመርቀሽ በምትኖሪበት ማዘጋጃ ቤት ትሠሪያለሽ። አንድ የአካባቢው የፓርቲ ቅርንጫፍ ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት እንድትወዳደሪ ጠይቆሻል። ቅላጼሽ ያሳስብሻል፤ ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። አርአያሽ የቀድሞዋ የስዊድን ፓርላማ አባል፣ ኩርዳዊቷ አሚነ ካካባቬ ናት። እናትሽ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» አሉሽ፤ አባትሽ ደግሞ የሌላዋን ኩርዳዊት፣ የሌይላ ዛናን ታሪክ ሰምተው «መጨረሻው እስር ቤት ነው» ብለው ፈረዱ።

ከአባትሽ ልጀምር፤ የጠቀሱት ታሪክ እውነት ነውና። ሌይላ ዛና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታችም እንደዚሁ ነው) በ1961 በቱርክ፣ በዲያርባክር ግዛት ተወለደች። ገና በልጅነቷ ተዳረች። ባሏ የዲያርባክር ከንቲባ ሳለ የ1980ው መፈንቅለ መንግሥት መጣና ታሰረ። እሷ ቱርክኛ የተማረችውም፣ የትምህርት ማስረጃ ያገኘችውም ልጅ እያሳደገች፣ በራሷ ጥረት ነው። በ1991 ለቱርክ ፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ኩርድ ሴት ሆነች። ቃለ መሐላዋን በቱርክኛ ፈጽማ ስለ ቱርክና ስለ ኩርድ ሕዝቦች ወንድማማችነት በኩርድኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በ1994 ያለመከሰስ መብቷ ተነሥቶ ታሰረች፤ 15 ዓመት ተፈርዶባት እስከ 2004 ወኅኒ ቆየች። በ2011 ግን ሕዝቡ መልሶ መረጣት። ይህን የመጨረሻውን አባትሽ የነገሩሽ አይመስለኝም።

ዛናን ያሰራት የዚያ አገርና የዚያ ዘመን ሕግ ነው። አንቺ የተጠየቅሽው የትምህርት ቤት ምሳ፣ የአረጋውያን እንክብካቤና የመንገድ በረዶ ጠረጋ በሚወሰንበት ምክር ቤት እንድትቀመጪ ነው። ስድብና ማስፈራሪያ በስዊድንም ያሉ ፖለቲከኞች ይደርስባቸዋል፤ ከደረሰብሽ ለፓርቲሽና ለፖሊስ ታመለክቻለሽ። ይህን ከአሥር ዓመት እስር ጋር አንድ አድርጎ ልጅን ማስፈራራት ግን ልክ አይደለም።

እናትሽ በቀይ ሽብር ወንድማቸውን ቀብረዋል ብለሽኛል። ፍርሃታቸውን አከብራለሁ፤ አንቺ እንድትወርሺው ግን አልፈቅድልሽም። ደግሞም እስቲ አስቢው፦ ከልጅነትሽ ጀምሮ በሐኪም ቤቱ፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በቤት ኪራይ ጽሕፈት ቤቱ ስለ ወላጆችሽ የምትናገሪው አንቺ ነበርሽ። ያኔ «በሩቁ» ያለሽ ሰው አልነበረም። ለቤተሰብሽ እንድትናገሪ የተፈቀደልሽ ሰው፣ ለሰፈርሽ ስትናገሪ የምትከለከዪበት ምክንያት ምንድን ነው? ከደመወዝሽ ሲሶው አዲስ አበባ ለሚሠራው ቤት እንደሚሄድም ጽፈሻል። የቤቱ ወጪ ሥጋት የእስር ቤት ፍርሃት ለብሶ መጥቶ እንዳይሆን ጠርጥሪ፤ ወላጆችሽንም በግልጽ ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ አርአያሽ። ካካባቬ ከኢራን ኩርዲስታን፣ ከሳቄዝ ናት። ገና በወጣትነቷ ኮማላ ከሚባለው የኩርዶች ግራ ዘመም ድርጅት ጋር ፔሽመርጋ (የኩርድ ታጣቂ) ሆና ጠመንጃ ይዛለች። ስዊድን በስደተኛነት ገብታ፣ ተምራ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ሆነች፤ በ2008 ለግራ ፓርቲ የሪክስዳግ፣ ማለትም የስዊድን ፓርላማ፣ አባል ሆነች። አንቺን የማረከሽ የኅዳር 2021ዱ ቀን ነው። በስዊድን ሕግ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚወድቀው ከ349ኙ 175 አባላት ሲቃወሙት ነው፤ ማግዳሌና አንደርሶንን የተቃወሙት 174 ነበሩ። ካካባቬ ድምጿን ከእነርሱ ጋር አለማድረጓ የአገሪቱን የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር አሳለፈ። በምላሹ የአንደርሶን ፓርቲ፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ የሶርያ ኩርዶችን እንደሚደግፍ ተስማማ።

እኔ እንድታዪ የምፈልገው ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ነው። በ2019 ከፓርቲዋ ጋር ተጋጭታ ወጥታ በግሏ ስትቀመጥ ነበር። በሰኔ 2022 ማድሪድ ላይ ስዊድን ለኔቶ አባልነት ስትል የሶርያ ኩርዶቹን ታጣቂዎችና ፓርቲያቸውን እንደማትደግፍ ለቱርክ ፈረመች። ካካባቬ ከዚያው ዓመት የመስከረም ምርጫ በኋላ ወደ ሪክስዳግ አልተመለሰችም። ወንበር እንዲህ ነው፤ ይሰጣል፣ ይወሰዳል። እንጀራው ወንበሩ ብቻ የሆነ ፖለቲከኛ «አይሆንም» ማለት ሲገባው ዝም ይላል። እኔ ራሴ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ዓይነት ዝምታ ከስብሰባ ጠረጴዛ ማዶ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ስለዚህ ምክሬ፦ ተወዳደሪ፣ ሥራሽን ግን አትልቀቂ።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነው። በስዊድን የማዘጋጃ ቤት ተመራጮች አብዛኞቹ ሥራቸውን እየሠሩ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉ ናቸው። ለስብሰባ ከሥራ የመውጣት መብት በሕግ አለሽ፤ የቀረብሽን ደመወዝም ማዘጋጃ ቤቱ ይክሳል። የገንዘቡ ጭንቀት እዚህ ላይ ይብቃ።

ስለ አነጋገርሽ፦ ቅላጼሽ ይሰማል፤ ይሰማ። ማስተርሱ ይቆይ።

ወደ ቅርንጫፉ ስትመለሺ ስምሽን በፓርቲው የዕጩዎች ዝርዝር ስንተኛ ላይ እንደሚያስቀምጡት አስቀድመሽ ጠይቂ። ሃያኛ ላይ ከሆነ ለፎቶግራፍ ፈልገውሻል ማለት ነው። በኮሚቴ ቦታም እንዲያስቡሽ ንገሪያቸው፤ ምክር ቤቱ ባትገቢ እንኳ ለኮሚቴ ልትመረጪ ትችያለሽ። የትምህርት ኮሚቴውን ምረጪ እንጂ ማኅበራዊ አገልግሎቱን አትንኪ፤ በቀን የምትታዘዢበትን መሥሪያ ቤት በማታ ልታዝዢው አይገባም። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ወላጆችሽን ይዘሽ ሄደሽ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። የሚባለውን እንደ ወትሮው ተርጉሚላቸው።