ፍጆታ ቀነሰ ማለት ወባ ቀነሰ ማለት አይደለም

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት አዲስ የተመደበች የጤና መኮንን፣ «ጋሼ፣ ዞን ጤና መምሪያ በሽተኛ አያክም፣ መድኃኒት አያድል፤ ከወረዳ የመጣውን ደምሮ ለክልል ከማሳለፍ በቀር ምን ሥራ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሷ በጨዋታ መሀል ያለችው ነው፤ በእኔ ላይ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰ። ዞን እውነትም ደምሮ ብቻ ያሳለፈበት አንድ የወባ ወቅት ነበርና። መልሱን ለእሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችሁም ልጻፈው።

መዋቅሩን አልደግምላችሁም። ሚኒስቴር፣ ክልል ጤና ቢሮ፣ ዞን፣ ወረዳ፤ ከዚያ በታች አንድ ጤና ጣቢያ ከ5 ጤና ኬላዎቹ ጋር 25 ሺህ ያህል ሰው ያገለግላል የሚለውን ከትምህርት ቤት ይዛችሁት መጥታችኋል።

ነገሩ የሆነው ሰሊጥ በሚመረትበት አንድ ቆላ ወረዳ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፤ ለአጨዳ የሚወርደው የደጋ ሠራተኛም የሚበዛው ያኔ ነው። ይህ ሠራተኛ በወረዳው የሕዝብ ቁጥር ውስጥ የለም። ቁጥሩ ራሱ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነሥቶ በየዓመቱ የሚሰላ ግምት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ ዕቅዱ ሲወጣ ሜዳ ላይ ያለ አጎበር የሚያድረውን ጎልማሳ ማንም አላሰበውም።

መጀመሪያ ያለቀው የአዋቂው የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም፣ ነው። ኮአርተም በበሽተኛው ክብደት ልክ 6፣ 12፣ 18 ወይም 24 ፍሬ ታሽጎ ይመጣል። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው 24ቱን ይወስዳል፤ 4 ፍሬ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ3 ቀን። ባለ 24ቱ ሲያልቅ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ሁለት ባለ 12 ደርቦ መስጠት ጀመረ። ሕክምናው ትክክል ነው፤ እሱን የሚወቅስ የለም። ግን ባለ 12ቱ የልጆች ነውና ብዙ ሳይቆይ እሱም አለቀ። ቢን ካርዱ (የገባውና የወጣው መድኃኒት የሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ) ላይ የሚታየው የልጆቹ መድኃኒት በድንገት ተንዶ መውጣቱና የአዋቂው ዜሮ መሆኑ ነው። ካርዱን ብቻ ያየ ሰው ወባው ሕፃናት ላይ በረታ ይላል፤ የታመመው ግን አጫጁ ነው።

ከዚያ በየሁለት ወሩ የሚላከው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ፣ ሁላችን አርአርኤፍ የምንለው፣ ተሞላ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ጤና ጣቢያ የሚይዘው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር ነው። ስለዚህ የ2 ወሩ ፍጆታ በ2 ይባዛል፣ በእጅ ያለው ይቀነሳል፣ የቀረው ይጠየቃል። እንዲገባችሁ በምሳሌ ላስላው። መጀመሪያ ላይ የ100 ሰው መድኃኒት ነበረ፤ የ200 ሰው ገባ፤ መጨረሻ ላይ ዜሮ። ፍጆታው 300 ሆነ፣ በ2 ሲባዛ 600 ተጠየቀ። ነገር ግን ከ60ው ቀን 30ውን መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አልነበረም። 300ው የወጣው በ30 ቀን ነው፤ ባያልቅ ኖሮ በ60 ቀን 600 ይወጣ ነበር። መጠየቅ የነበረበት 1,200 ነው። ቅጹ ላይ መድኃኒቱ ያልነበረባቸውን ቀናት የሚጠይቅ ዓምድ ያለው ለዚህ ነው። ዓምዱ ባዶ መጣ። ወረዳ አሳለፈው፣ ዞን አሳለፈው። የመድኃኒት አቅራቢው ቅርንጫፍ መጋዘንም ሳስቶ ነበርና ከተጠየቀው ግማሹን ላከ እንበል፤ ከሚያስፈልገው ሩቡ ደረሰ ማለት ነው። እሱም ቶሎ አለቀ፣ የሚቀጥለው ቅጽ ላይ ፍጆታው ይበልጥ አነሰ። ባዶውን የቀረ ጣቢያ በወረቀት ላይ መድኃኒት የማይፈልግ ጣቢያ መሰለ።

በዚሁ ጊዜ ኮሪደሩ ማዶ ሌላ ወረቀት ነበር። የጤና አደጋ ቁጥጥሩ ክፍል ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን የወባ ቁጥር በየሳምንቱ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጣል። ካለፉት 5 ዓመታት በዚያው ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍተኛ የማስጠንቀቂያው መስመር ነው፤ የዘንድሮው ያንን ካለፈ ወረርሽኝ ነው። በጤና ኬላዎቹ አርዲቲው፣ ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ፣ አልቆ ነበር። ያልተመረመረ ደግሞ አይቆጠርም። ቁጥሩ ከመስመሩ በታች ወረደ። ግምገማው ላይ «በተሠራው የተቀናጀ ሥራ ወባ መቀነስ ጀምሯል» ተባለ፤ ተጨበጨበም። ሠራተኛው ትኩሳቱን ይዞ ወደ ደጋ ተመለሰ። የደጋ ጤና ጣቢያ ደግሞ ትኩሳት ሲያይ ቀድሞ የሚጠረጥረው ታይፎይድን ነው።

የሚያንገበግበኝ አንድም የተደበቀ ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለቱም ወረቀት ዞኑ እጅ ላይ ነበር። ወረዳ የራሱን ብቻ ያያል፣ ክልል ድምሩን ብቻ ያያል፤ ጣቢያን ከጣቢያ፣ ቅጽን ከቅጽ ማስተያየት የሚችለው ዞን ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው።

እንዴት ይተያያል? በየሁለት ወሩ ከየጣቢያው የፋልሲፓረምና የድብልቅ ወባ ቁጥርን ከወጣው ኮአርተም ጋር፣ የሌላውን የወባ ዓይነት የቫይቫክሱን ከመድኃኒቱ ከክሎሮኪኑ ጋር አስቀምጡ። ፍጹም እኩል አይመጣም፣ አትጠብቁም። መድኃኒቱ ከበሽተኛው በጣም ከበለጠ ሳይመረመር የሚሰጥ ሰው አለ፣ ወይም መድኃኒቱ በጓሮ በር እየወጣ ነው። የበሽተኛውም የመድኃኒቱም ቁጥር አብረው ከወደቁ ደስ አይበላችሁ፤ ስልክ አንሡና «አርዲቲ አላችሁ?» በሉ። ሁለት ወርም አትጠብቁ። ጤና ጣቢያ ከ2 ሳምንት፣ ጤና ኬላ ከ1 ሳምንት በታች የሚበቃ መድኃኒት ሲቀረው የአስቸኳይ ጥያቄ ማቅረብ መብቱ ነው። አብዛኛው ግን «ቀኑ አልደረሰም» ብሎ ይቀመጣል።

ስለ ቀን ካነሣሁ፣ ወርሃዊው ሪፖርት ከ21 እስከ 20 መሆኑን ታውቃላችሁ። የመስከረሙ ከነሐሴ 21 ይጀምራል፤ በመሀል ጳጉሜን አለች። ስለዚህ 35 ቀን ይሆናል፣ አንዳንዴ 36። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ «ከነሐሴ አንጻር አፈጻጸማችን አደገ» የሚል አይጠፋም። ሰው አላደገም፣ ወሩ ነው ያደገው። የክትባት ሽፋን 112 በመቶ ብሎ የሚመጣውም ከዚያው ከሕዝብ ቁጥር ግምቱ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ወረዳው ዋሸ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ፔንታ የሚባለውን የሕፃናት ክትባት የመጀመሪያውንና የ3ኛውን ዙር ቁጥር አስተያዩ። እዚያ የሕዝብ ግምት አያስፈልግም። ከጀመሩት ከ10 በመቶ በላይ ካቋረጡ ሽፋኑ መቶ ቢባልም ችግር አለ።

የዘንድሮ ልጆች ዳሽቦርድ፣ ሪፖርቱን በሥዕል የሚያሳየውን የኮምፒውተር ገጽ፣ ትወዳላችሁ። ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ሥራ አይደለም፤ ኮምፒውተሩን አትመኑት፣ መዝገቡ ጋ ሂዱ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኛ በእጅ ስንደምር ሳምንት የሚፈጀውን እናንተ ቡና ሳይፈላ ትጨርሱታላችሁ፤ ያኔ ይህ ዳሽቦርድ ቢኖር ኖሮ የወባውንና የመድኃኒቱን ቁጥር አንድ ሰው ያስተያይ ነበር ብዬ አስባለሁ። መስክ መውጣቱም ብቻውን አያድንም። ቼክሊስት ሞልቶ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ አበሉን ይዞ የሚመለስ ብዙ አይተናል። ስትወጡ ከመውጣታችሁ በፊት የጣቢያውን ያለፈ ቅጽ ይዛችሁ ውጡ፤ መጋዘን ስትገቡ ቢን ካርዱን ሳይሆን መጀመሪያ ካርቶኑን ቁጠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁሉም በላይ የሚረሳ ነውና። እጥረት ሲያጋጥም ዞኑ ከአንዱ ጣቢያ አንሥቶ ለሌላው ማዛወር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያድነውም ይኸው ነው። ግን በአምቡላንስ ጭኖ በስልክ ተነጋግሮ መላክ አይበቃም። ሰጪው በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ ያድርግ፣ ተቀባዩ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ያድርግ፣ ሁለቱም ቢን ካርዳቸው ላይ ይጻፉት። ሰጪው በአርአርኤፉ የኪሳራና ማስተካከያ ዓምድ ካልቀነሰው፣ የሰጠው ሁሉ በሽተኛ የወሰደው ተብሎ ይሰላና ፍጆታው ያብጣል። ተቀባዩ ገቢ ካላደረገው ደግሞ በዚያ መድኃኒት የታከሙት ሰዎች ከስሌቱ ይወጣሉ፤ ባዶውን የነበረው ጣቢያ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ጥቂት የሚፈልግ ይመስላል፣ ቅርንጫፉም በዚያው ልክ ይልክለታል።