ማሽን ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ በረዳትነት እሠራለሁ። የአሮጌ መኪና ማስነሻ ቁልፍ ሲበላሽ ዋናው መካኒክ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ሥራው ይቀናኛል። አንድ ቁልፍ ቀራጭ ‘በብድር ማሽን ገዝተን አብረን እንሥራ’ ብሎኛል። ጋራዡን ልተው ወይ?»

መልስ፦ ጋራዡን አትተው። ማሽኑንም ለጊዜው ተወው። ይህን የምልህ ሥራውን ንቄ አይደለም፤ እንዲያውም ትልቁ ችሎታ ያለው አንተ አሁን በምትሠራው ላይ እንጂ በማሽኑ ላይ ስላልሆነ ነው።

የአሮጌ ኮሮላ የማስነሻ ቁልፍ ጋን፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትንና አብሮት የሚዞረውን ክፍል፣ ፈትተህ ከሆነ ውስጡን ታውቀዋለህ። በትናንሽ ሞላዎች የሚገፉ፣ ልካቸው የተለያየ ቀጫጭን የናስ ሰሌዳዎች ይደረደሩበታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ይሆኑና ጋኑ ይዞራል። በብዙ ዓመት አገልግሎት ግን ቁልፉም ሰሌዳዎቹም እየተፋፋቁ ይሳሳሉ። ባለመኪናው በዚህ ጊዜ ወደ ቁልፍ ቀራጭ ይሄዳል፤ ማሽኑም የተሰጠውን ቁልፍ ከነጉድለቱ ይገለብጠዋል። ሰውየው አዲስ የተቀረጸ፣ ግን እንደ አሮጌው የተበላ ቁልፍ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው ማሽን መግዛት ብቻውን ባለሙያ አያደርግህም የምልህ።

ባለሙያው ዋናውን ልክ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል። ያልተሠራበት መለዋወጫ ቁልፍ ቤት ተቀምጦ እንደሆነ ይጠይቃል። ከሌለ በተሳፋሪው በኩል ያለውን የበር ቁልፍ ይፈታል። ያ በር በቁልፍ የሚከፈተው አልፎ አልፎ ስለሆነ ሰሌዳዎቹ ከፋብሪካ የወጡበትን ልክ ብዙም አይለቁም፤ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ደግሞ የቁልፉ ቁጥር እዚያው ጋን ላይ ታትሞ ይገኛል። ይህን የሚያውቅ ረዳት የትም ጋራዥ ቢሄድ ይፈለጋል።

ከመፍታት በፊት ግን መለየት ይቀድማል። ቁልፉ አልዞር ሲል መጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያወዛወዝህ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የመሪው መቆለፊያ ነው። ቁልፉ እንደ ልብ እየዞረ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ጥፋቱ በጋኑ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ከጀርባው ያለውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ባትሪውንና ገመዶቹን ሳታይ ጋን አትፍታ። አቧራማ በሆነው የከተማው ዳርቻ የሚሠሩ መኪኖች ላይ ሌላ ነገር ታያለህ፦ ባለቤቱ ወይም ሾፌሩ ጋኑ ውስጥ ዘይት አፍስሶ፣ አቧራው ከዘይቱ ጋር ጭቃ ሆኖ ሰሌዳዎቹን ያጣብቃቸዋል። አጽዳውና ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ስጠው። አንዳንዱ መኪና ከዚህ ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ደንበኛውም ይህን ሲነገረው አንተን አይረሳህም።

አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነኝ። ሰሌዳዎቹን በሞረድ ፍቆ ወይም ግማሾቹን አውጥቶ «ይኸው ዞረ» የሚል ሠራተኛ ብዙ ነው። ይዞራል፤ በጎረቤት ቁልፍም፣ በጠፍጣፋ መፍቻም ይዞራል። ከዚህ የባሰው የመሪውን መቆለፊያ በትክክል ሳይመልሱ መግጠም ነው። ያ መኪና ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ እየበረረ መሪው ቢቆለፍ ምን እንደሚሆን አስበው። ዋና መካኒክህ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በችኮላ ካዘዘህ፣ በአክብሮት «ጋሼ፣ ይህን እኔ አልገጥመውም» በል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ያለ ቁልፍ መኪና ማስነሳት የሚችል ወጣት በሰፈሩ ቶሎ ይታወቃል፤ በመልካምም በመጥፎም። ሊብሬና መታወቂያ ወይም መንጃ ፈቃድ ሳታይ ጋን አትንካ፤ የመኪናውን የታርጋ ቁጥርና ቀኑን በደብተር ጻፍ። የሚያውቅህ ሰው ቢቆጣም ጠይቀው። አብሮህ ሊሠራ የፈለገው ቁልፍ ቀራጭ ይህን ያደርግ እንደሆነ ሳታጣራ ስምህን ከስሙ ጋር አታያይዝ።

ገበያውን በተመለከተ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ዲኤክሶችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት እየተጠገኑ ይሄዳሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በካርድ ወይም በአዝራር ይነሳሉ፤ የሚፈታ ጋን የላቸውም። ከዚያ በፊትም ቺፕ ያለው ቁልፍ መጥቷል፤ ቅርጹ ቢገጥምም ቺፑን መኪናው ካላወቀው ሞተሩ አይነሳም። እንግዲህ ጋን መጠገን የዛሬ እንጀራህ ይሁን፤ የነገው ግን የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ነው። በአቅራቢያህ ያለ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በዚህ ዘርፍ የማታ ወይም የቅዳሜ ትምህርት እንዳለው ጠይቅ፤ በደረጃ ተምረህ የብቃት ምዘናውን ውሰድ። የምስክር ወረቀቱ ወደፊት ንግድ ፈቃድ ስታወጣም ሆነ በድርጅት ስትቀጠር ይጠቅምሃል።

ለቁልፍ ቀራጩ «አሁን አልችልም» ብለህ ወዳጅነቱን ያዝ፤ ከጋኑ ያገኘኸውን ዋና ልክ ወረቀት ላይ ጽፈህ አንተ ትሰጠዋለህ፣ እሱ ይቀርጽልሃል። ለብድሩ ወለድ ልትከፍለው ከነበረው ጥቂቱን ይዘህ ደግሞ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውረድ። ቁልፍ የሌላቸው አሮጌ ጋኖች ከጥራጊ ጋር ይሸጣሉ። ሁለት ሦስት የተለያየ ሞዴል ግዛና ማታ ማታ ፍታቸው፤ ሰሌዳዎቹን በቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ደርድራቸው፣ ሞላ እንዳይጠፋብህም ስትፈታ ፎጣ አንጥፍበት።