ከሰው መድከም ፍቅር ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስውል እጅግ እደክማለሁ። የሁሉንም ጭንቀት እሰማለሁ፣ አብሬ እስቃለሁ፤ ማታ ግን ስልኬ ሲጠራ እንኳ ልቤ ይደነግጣል። ጸሎቴንና ጾሜን አላቋረጥሁም። ሰው የሰለቸኝ ፍቅር ስለሌለኝ ይሆን? ዕረፍትስ የማገኘው እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም የምታውቂውን አልደግምልሽም። «ፍቅር ስለሌለኝ ይሆን» ባልሽው ላይ ግን ልቆይ፤ ይህንኑ ይዘው የመጡ ብዙ ምእመናን አጋጥመውኛልና። አብዛኞቹም ፍቅር የጎደላቸው ሳይሆኑ ለሰው ሁሉ እሺ ሲሉ የኖሩ ነበሩ።

ድካም ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በገሠጻቸው ነበር። ከተላኩበት አገልግሎት ተመልሰው፣ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ግን «እናንተ ራሳችሁ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ» አላቸው (ማር. 6፥31)። ነቢዩ ኤልያስም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን፣ የተላከለት መልአክ ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም እንደገና ተኛ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እግዚአብሔር ተራራ ወደ ኮሬብ የሚወስደው መንገዱ የተጀመረው።

በቅፍርናሆም የሆነውንም አስቢ። ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ ካመሸ በኋላ ጌታችን ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ብቻውን ይጸልይ ነበር። ስምዖን ተከትሎት «ሁሉ ይፈልጉሃል» ባለው ጊዜ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ እንጂ ወደ ፈላጊዎቹ አልተመለሰም። እነዚያ ሰዎች የፈለጉት ክፉ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ስለፈለገን ብቻ እግዚአብሔር ልኮናል ማለት አይደለም።

አሁን ጠንከር ያለውን ልናገር፣ አትቀየሚኝ። እኛ ይሉኝታን ፍቅር ብለን ስም አውጥተንለታል። ፍቅር የሌላውን ሸክም ሲያነሣ ይደክማል፣ ተኝቶ ሲነሣ ግን ይበረታል፤ ይሉኝታ ግን የሚሸከመው የራሱን ስም ስለሆነ፣ «ምን ይሉኝ ይሆን» እያለ በአልጋው ላይም አያርፍም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሰውን ደስ ለማሰኘት ቢኖር የክርስቶስ ባሪያ ባልሆነ ነበር ያለው (ገላ. 1፥10) ሁለቱ ቀንበሮች በአንድ ትከሻ ስለማይስማሙ ይመስለኛል። ጌታችንም «እኔም አሳርፋችኋለሁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» አለ። ስለዚህ ዕረፍቱ ከሰው ሁሉ መለየት አይደለም፤ እርሱ ያልሰጠሽን ቀንበር አውርደሽ የእርሱን መሸከም ነው።

በሩን ለዘለዓለም ዝጊ እያልሁሽ እንዳልሆነ ልብ በዪ። ደቀ መዛሙርቱ ሊያርፉ በሄዱበት ምድረ በዳ ሕዝቡ ቀድሟቸው ሲጠብቅ ጌታችን አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። አስቀድሞ ዕረፉ ማለቱ ግን በዚህ አልተሻረም።

ስለዚህ ማታ ስልክሽን ዘግተሽ በዝምታ መቀመጥ ኃጢአት አይደለም። «ዛሬ አልችልም» ማለትንም ያለ ውሸት ምክንያት ተለማመጂው፤ አብዛኛው ሰው ከምትፈሪው ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል። ለንስሐ አባትሽ ስትቀርቢም ድካምሽን እንደ ድካም ንገሪያቸው፤ የምትናዘዢው እምቢ ማለት ፈርተሽ የተናገርሽውን ውሸትና በልብሽ እያማረርሽ የሳቅሽውን ሳቅ ይሁን።