«ነዳጁን እኔ ልግዛው?» ላለችኝ እናት ያልመለስኩት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ፣ አካውንቲንግ ተመርቃ በጀት ክፍል ከገባች ገና ዓመቷ ነው። ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «ጋሼ፣ የማረሚያ ቤቱ የበጀት ጥያቄ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ሆነብኝ፣ ከየትኛው የወጪ መደብ ብቆርጥ ነው ማንንም የማይጎዳው?» እኔ አዘዞ ቤቴ በረንዳ ላይ ቡና ይዤ ተቀምጫለሁ፣ «ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት፣ ቡናውም እዛው ቀዘቀዘ። እኔም በጀት ሠራተኛ ሳለሁ ይቺን ጥያቄ አንዴ ራሴን ጠይቄ፣ ራሴው መልሼ፣ ፈርሜም አውቃለሁ።

2009 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያኔ ለአንድ ታራሚ በቀን 9 ብር ገደማ ነበር የሚመደበው፣ ምግቡም ውሃውም ሕክምናውም ከዚያችው ነው። የበጀት ጥሪው መጣ፣ ጣሪያው ወረደ፣ ማረሚያ ቤቱ የጠየቀውና የተፈቀደው አልገናኝ አለ። ደሞዝ አይነካም፣ ምግብ ብነካ ሰው ይራባል፣ ነዳጅ ግን ማን ያየዋል አልኩና ታራሚ ወደ ፍርድ ቤት የምታመላልሰውን መኪና ናፍጣ ቆረጥኩ። በዚያው እስክሪብቶ ከፍርድ ቤቱ ደግሞ የምስክሮች አበል። ሁለቱም «ሥራ ማስኬጃ» ናቸው፣ ለስላሳ ይመስላሉ፣ እና ሒሳቡ ገጠመልኝ። ደስ ብሎኝ ፒያሳ ወርጄ ማኪያቶ የጠጣሁ ሁሉ ይመስለኛል።

ሐምሌ 1 በጀቱ ሥራ ላይ ዋለ። የካቲት ላይ ለአፈጻጸም ክትትል ወደዚያው ማረሚያ ቤት ሄድኩ፣ የጥየቃ ቀን ነበር። በሩ ላይ ሰልፉ ሌላ ነው፣ አገልግል ያንጠለጠለ፣ ፔርሙዝ የያዘ፣ በሶና ድርቆሽ በፌስታል የቋጠረ። መንግሥት ያበላዋል የምንለው ታራሚ ከሚበላው ስንቱ በዚያ ሰልፍ ነው የሚገባው፣ ይሄ ደግሞ የትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ የለም። ከጥበቃው ጋር ቆሜ ስለ መኪናዋ ሳወራ አንዲት እናት ጠጋ አለችኝ። ከበለሳ ነው የመጣሁት አለች፣ እግሯ አቧራ ለብሷል። ልጇ አራት ጊዜ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አምልጦታል፣ ሁለቱን መኪና ጠፍቶ፣ ሁለቱን ምስክር ቀርቶ። «የኔ ጌታ» አለችኝ፣ «መኪናው ነዳጅ የለውም አሉኝ፣ ነዳጁን እኔ ልግዛው? ስንት ነው?» ብላ ከመቀነቷ የተቋጠረ ብር መፍታት ጀመረች።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት አላልኳትም። «እማማ፣ አይሆንም፣ ሥርዓት አለው» ብዬ ወደ ቢሮው ገባሁ። ሥርዓት! ልጇ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ እስከዛሬ አላውቅም፣ ያኔም አልጠየቅኩም፣ እሱን ነው ሌሊት ሌሊት የማስበው።

ቢሮ ተመልሼ ካልኩሌተር አወጣሁ። አንድ መኪና 20 ሰው ትጭናለች እንበል፣ ስትቀር ቀጠሮው በትንሹ 14 ቀን ይገፋል ብትሉ፣ 20 በ14 በ9 ብር 2,520 ብር ነው፣ የጥበቃውን ደሞዝ ሳታስገቡ። የአንድ ምልልስ ናፍጣ ይሄን አያህልም። ቆጠብኩ ብዬ ጭራሽ አባክኛለሁ ማለት ነው። ከሌላ መደብ ወደ ነዳጅ ይዛወር ብዬ የበጀት ዝውውር ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ግንቦት ተፈቀደ፣ ሰኔ ላይ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ከሱ የተረፈው ወደ ካዝና ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ወንበር ተገዛበት። ወንበሮቹን አይቻቸዋለሁ፣ ጥሩ ወንበሮች ነበሩ።

እና በጀት ክፍል ያላችሁ ልጆች፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት በወረቀት ላይ አራት በጀት ናቸው፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ቀጠሮ አይሰጥም ይላል፣ ግን መርማሪው መኪና አጥቶ ማስረጃ ካላመጣ ሌላ 14 ይጠይቃል፣ ሰውየውን እስከዚያ ማብላት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። አመክሮም (ቅጣት ሳያልቅ በጠባይ መፈታት) ያው ነው፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ወረቀቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ ወር ከተኛ ያ ወር ከክልሉ ካዝና ይወጣል። ክልል ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ግን ይሄን መሳቢያ ማን ያነሳዋል።

በነገራችን ላይ «ወህኒ» የሚለው ቃል ከእኛው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው ይባላል፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይመኙ የሚቀመጡበት አምባ። ተማሪ ሆኜ መምህራችን ሲነግረን እኔ ያሰብኩት «እዛ ላይ እህል ማን ያወጣላቸዋል?» ነበር፣ ያኔውኑ በጀት ሠራተኛ ነበርኩ መሰለኝ።

ስለ ፎርማትና ስለ ጊዜ ገደብ አልመክራችሁም፣ እሱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሚያናድደኝ ኤክሴሉ ላይ ቀይ ካልበራ ሁሉም ሰላም የሚመስላችሁ ነገር ነው። እኛ በካርቦን ወረቀት ስንሠራ እያንዳንዷ ቁጥር ማን እንደሆነች እናውቅ ነበር። ውሸቴን ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር፣ አሁን ነው የማወራው። ብቻ ነዳጅና የምስክር አበል ከመቁረጣችሁ በፊት በጥየቃ ቀን አንዴ በሩ ላይ ቁሙ፣ ስልካችሁን ኪስ ከታችሁ። ጣሪያ ጣሱ አላልኩም፣ ጣሪያ ጣሪያ ነው፣ ያለቃ ትእዛዝም አለ። እኔ ግን ዛሬ ቢመለስልኝ እጥሰው ነበር መሰለኝ፣ እንጃ፣ ልጆች የማሳድግበት ደሞዝ ነበረኝ ያኔ።

ለእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ነው በሦስተኛው ቀን ደውዬ ያወራሁላት። ትናንት ደግሞ እሷ ደወለች፣ «ጋሼ፣ ከስብሰባ መስተንግዶና ከውሎ አበል ቆረጥኩት፣ አለቃዬ አኩርፎኛል» አለችኝ። ስንት ቆረጥሽ ብላት ሳቀች እንጂ አልነገረችኝም።