የቁልቋል ቆዳ ከማስመጣትሽ በፊት

እህቴ፣ «ለቦርሳ የሚሆን፣ ከዕፅዋት የተሠራና ፕላስቲክ የሌለበት የቆዳ ምትክ ፈልጌ የቁልቋሉን ላስመጣ ነው፤ የሞከረ አለ?» ብለሽ ለጠየቅሽው መልስ አለኝ። ቀብድ ከመላክሽ በፊት ይህን አንብቢ።

1. «ከዕፅዋት የተሠራ» ማለት «ፕላስቲክ የለበትም» ማለት አይደለም። ዴሴርቶ የተባለው የሜክሲኮ ምርት የቁልቋል ዱቄት ፖሊዩሬቴን ከሚባል ከነዳጅ ከሚሠራ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ በጨርቅ ላይ የተለበጠ ነው። ፒኛቴክስ ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 480 የአናናስ ቅጠል ይፈጃል፤ ነገር ግን የቅጠሉ ቃጫ ፒኤልኤ ከሚባል ከበቆሎ ከሚገኝ ፕላስቲክ ጋር ይደባለቃል፣ ከላይም ፖሊዩሬቴን ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጀርመን ፍራይበርግ የሚገኝ የቆዳ ምርምር ተቋም የቆዳ ምትክ የሚባሉትን መርምሮ በበርካታዎቹ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል።

2. የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩን፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበትን ቁጥር፣ አቅራቢሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ይህን ምክር ማንም አልነገረኝም፤ ዋጋውን የከፈልኩት በገንዘቤ ነው። አቅራቢዬ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ብሎ በኢሜይል ጽፎልኝ ነበር። ዕቃው ሲደርስ የፈተሸው ሠራተኛ ሰላምታዬን እንኳን ሳይመልስ የጥቅሉን ጠርዝ በጥፍሩ ቆነጠረው። ስስ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ታየ። «59.03፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ጨርቅ» አለ። የአቅራቢውን ደብዳቤ ሳሳየው «ሴትዮ፣ ሥራ አታስፈቺኝ» ብሎ ወረቀቱን ሳያነብ ገፋልኝ። አነጋገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምደባው ግን ትክክል ነበር። አቅራቢው ስጠይቀው «ተፈጥሯዊ ያልነው ቁልቋሉን ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኬንም አላነሳም። ቀረጡንና የመጋዘን ኪራዩን ከፈልኩ፤ ቦርሳውን «ፕላስቲክ የለበትም» በሚል ጽሑፍ ሊሸጥ የተዋዋለኝ የጀርመን ደንበኛ ደግሞ ትዕዛዙን ሰረዘ።

ስለዚህ አቅራቢሽ 59.03 ካለሽ ጉዳዩ አልቋል። 59.06 ካለሽ በጎማ የተለበጠ ጨርቅ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው ከዛፍ የተገኘ ነው ወይስ ከነዳጅ ብለሽ ጠይቂ። ሚረም የተባለው የአሜሪካ ምርት የተፈጥሮ ጎማና የዕፅዋት ዘይት እንጂ ፖሊዩሬቴን የለበትም።

ናሙናውንም ደጅ አውጥተሽ ጫፉን በክብሪት ለኩሺው። ቀልጦ ጠብ ጠብ ካለና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ ፕላስቲክ አለበት። የዕፅዋት ቃጫ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። የተፈጥሮ ጎማም ጥቁር ጭስ ስላለው በጭሱ ብቻ አትፍረጂ።

እኔ አሁን የምሠራው በእንሰት ቃጫ ነው። እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረውን ቃጫ ከጉራጌ አስመጥቼ ከጥጥ ጋር አሸምናለሁ፤ ከዚያ የተልባ ዘይትና ካርናውባ የሚባል የዘንባባ ሰም አሙቄ በብሩሽ እቀባዋለሁ። በመጀመሪያ የንብ ሰም ነበር የምጠቀመው፤ ገዢው «ንብ እንስሳ ናት» አለኝ። ከዕፅዋት ብቻ የሚለውን ደንበኛና ፕላስቲክ አልፈልግም የሚለውን ለይተሽ እወቂ። አንድ ነገር አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ ላይ አትጣይ፤ ራሱን በራሱ አሙቆ ይቀጣጠላል። ዘርግተሽ አድርቂው።

ቃጫ ቆዳ አይመስልም፤ እንዲመስልም አልፈልግም። ዝናብ ይችላል፣ ሰሙ ሲሳሳ እንደገና ይቀባል። የፖሊዩሬቴን ሽፋን ግን ከዓመታት በኋላ ሲሰነጣጠቅና ሲላጥ መጠገኛ የለውም። ቆዳ ብለሽም አትሽጪው፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከእንስሳ ያልተገኘን ዕቃ በቆዳ ስም መሸጥ በሕግ ከልክላለች።

ክሩን፣ ገበሩንና ማስቲሹንም እይ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ በፖሊስተር ክር የተሰፋ ቦርሳ «ፕላስቲክ የለበትም» ሊባል አይችልም፤ እኔ የጥጥ ክር በሰም አሽቼ እሰፋለሁ፣ ማስቲሽ ጨርሶ አልጠቀምም።

አሁንም የቁልቋሉን ካልተውሽ፣ የእያንዳንዱን ግብዓት ድርሻ በክብደት የሚያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይሰጡሽ አትክፈይ። ቃጫውን መሞከር ከፈለግሽ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከሸማኔዬ ጋር አገናኝሻለሁ።