ለኮርሳ ፓራፋንጎ፦ «አይገባም» ላሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ያገለገለ የአሉሚኒየም ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ሳይክል፣ አለሽ፤ ከአያት መገናኛ ለሥራ የምትመላለሺው በሱ ነው። ጎማው ባለ 25 ሚሊ ነው። ፍሬኑ ከላይ መጥቶ ቸርኬውን የሚነክሰው ዓይነት ነው። ፍሬሙ ላይ ለፓራፋንጎ (ለጭቃ መከላከያው) ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ የለም። ክረምት ሳይገባ ላስገጥም ብለሽ ብትሄጂ «ለኮርሳ አይገባም፣ ማውንቴን ግዢ» አሉሽ።

ግማሹ እውነት ነው። ሙሉ ፓራፋንጎ እንዳለ ላስገባ ካልሽ አይገባም። ጠባቡ ቦታ ላይ ቆርጠሽ ለሁለት ከከፈልሽው ግን ይገባል። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር የምነዳው እንደዚያ አድርጌ ነው። ለዚህ ብለሽ ማውንቴን አትግዢ።

መጀመሪያ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት አለ። ሜትር እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለማይገባ የአለን ኪ መፍቻዎችሽን አውጪ፤ ውፍረታቸው የታወቀ ነው። ጎማውን ሁልጊዜ በምትነጂበት ልክ አስነፊው። የጎደለ ጎማ ክፍተቱን አስፍቶ ያሳይሻል። ከዚያ ባለ 4፣ ባለ 5፣ ባለ 6፣ ባለ 8 ሚሊውን በተራ በጎማውና በፍሬኑ ሆድ መካከል አሳልፊ። እያሳለፍሽ ጎማውን በቀስታ አዙሪው። ቸርኬው ትንሽ እንኳ ከተጣመመ አንዱ ጋ ያለፈው መፍቻ ሌላው ጋ ይነካል፤ የምትይዢው ጠባቡን ቁጥር ነው። የሚለኩት ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ የፊት ፍሬን ሥር፣ የኋላ ፍሬን ሥር፣ እና ከፔዳሉ ጀርባ ጎማው ወደ መቀመጫው ቱቦ የሚጠጋበት።

ባለ 8ቱ እንደልቡ ካለፈ ዕድለኛ ነሽ፤ ቀጭን ፓራፋንጎ ሳይቆረጥ ያልፋል። ከ5 በታች ከሆነ ምንም ነገር በዚያ በኩል ለማሳለፍ አትሞክሪ። ፓራፋንጎው ራሱ ከነመያዣው 2 ሚሊ ገደማ ይወስዳል። የሚቀርሽ ከ3 ሚሊ በታች ነው ማለት ነው። አንድ ጠጠር እዚያ ከተወሸቀ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

ኮርሳ ለምን እንዲህ ይጠባል? ምክንያቱ ፍሬኑ ነው። የተለመደው አጭር የኮርሳ ፍሬን ከመያዣ ብሎኑ እስከ ፍሬን ላስቲኩ ያለው ርቀት ከ39 እስከ 49 ሚሊ ነው። ረዘም ያለው ዓይነት ከ47 እስከ 57 ይደርሳል። ፋብሪካው ፍሬሙን የሠራው ለአጭሩ ስለሆነ ከጎማው በላይ የሚተርፍ ነገር የለም። ያንቺን ለማወቅ የፍሬን ላስቲኩ የታሰረበትን ስንጥቅ እዪ። ላስቲኩ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግቶ ከታሰረ ቦታው በጣም ጠባብ ነው። ወደ ታችኛው ጫፍ ከወረደ የተሻለ ቦታ አለሽ።

«ጎማውን ወደ 23 ቀይሪው» የሚሉሽ ይኖራሉ። ልክ ነው፣ ከላይ ወደ 2 ሚሊ ታተርፊያለሽ። እኔ ግን አልመክርሽም። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አስፋልት መስሎ ነው የሚጠብቅሽ። በቀጭን ጎማ እዚያ ውስጥ ከገባሽ ከመነዳሪውም ቸርኬውም አይተርፉም። 25ቱን ያዢና ፓራፋንጎውን ቁረጪ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይስማማበት ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለኋለኛው ነው፤ ጀርባ ላይ የምትወጣው የጭቃ መስመር ስለምታስጠላ። እኔ ከፊቱ ጀምሪ ነው የምልሽ። ጫማሽን የሚያበሰብሰው፣ ካቴናውንና የፔዳሉን ኩሽኔታ በአሸዋ የሚሞላው የፊት ጎማ ነው። ጀርባሽን ልብስ ይሸፍነዋል። የተበላ ኩሽኔታ ግን ገንዘብ ያስወጣል።

መርካቶ በብዛት የምታገኚው ለማውንቴን የተሠራ ሰፊ ፓራፋንጎ ነው። እሱን ተዪው። ስፋቱ 35 ሚሊ አካባቢ የሆነ ረጅም የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ፈልጊ። ከጀርመን ወይም ከእንግሊዝ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ኤስኬኤስ የሚባለውን የጀርመን ምርት ለኮርሳ የሚሆነውን አስመጪ። ሬስብሌድ የሚሉት ሞዴላቸው በላስቲክ ማሰሪያ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ላይ ስለሚታሰር ቀዳዳም አይፈልግም፣ ፍሬን ሥርም አያልፍም። ዘመድ ከሌለሽ የምናለሽ ተራ ልጆች እንዲህ ያለውን ሥራ አሳምረው ይሠሩታል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ፓራፋንጎውን ጎማው ላይ ደግፈሽ ፎርኩ የሚነካበትን ቦታ በእስክሪቢቶ ምልክት አድርጊ። ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄደሽ በሴጌቶ ቁረጪው። ጫፉን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፤ ሻካራ ጠርዝ ጎማ ይበላል። የሚያስፈልግሽ ከፎርኩ ጀርባ ወደ ታች የሚወርደው ረጅሙ ቁራጭ ነው። ከፎርኩ ፊት የሚውለውን አጭር ቁራጭ ብትተዪውም በከተማ ፍጥነት ብዙ አትጎጂም። ጥቅሙ ቁልቁለት ላይ ስትፈጥኚ ወደ ፊት የተረጨው ውሃ ፊትሽ ላይ እንዳይመለስ ነው።

የረጅሙን ቁራጭ የላይኛ ጫፍ የምታስሪው ከፍሬኑ ብሎን ጋር ነው። 1 ሚሊ ውፍረት ካለው ላሜራ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጪ፣ አንዱን ጫፍ በትራፓኖ አስበሺና በፒንሳ አጥፊው። ከፎርኩ ጀርባ ባለው የፍሬን ዳዶ ራስ ሥር ይገባል። እዚህ ላይ አደራ። ላሜራው ሲጨመር ዳዶው ብሎኑን የሚይዝበት ጥርስ ይቀንሳል። ዳዶው ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ገብቶ ከጠበቀ አትንጂው፣ ረዘም ያለ ዳዶ ፈልጊ። የፊት ፍሬን ከሁሉም በላይ ነው።

ታች የሚይዙት ደጋፊ ሽቦዎች ፎርኩ ላይ መታሰር አለባቸው። ቀዳዳ ስለሌለሽ የፎርኩን እግር መጀመሪያ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልዪው። ከዚያ በላዩ በኬብል ታይ (በፕላስቲክ ማሰሪያ) አጥብቀሽ እሰሪ። የብረት ማቀፊያ የሚመርጡ አሉ፤ ለብረትና ለአሉሚኒየም ፎርክ ችግር የለውም። ፎርክሽ ካርቦን ከሆነ ግን በብረት አትጭመቂው። እኔ በብረቱም ላይ ፕላስቲኩን ነው የምመርጠው። ምክንያቱም እንጨት ወይም ሽቦ ገብቶ ፓራፋንጎውን ከጎተተው ኬብል ታዩ ይበጠሳል። ብረቱ እንቢ ካለ ጎማው ይቆልፍና አንቺ በመሪው ላይ ትወረወሪያለሽ። ኤስኬኤስም ለፊት ፓራፋንጎ ሽቦዎቹ ላይ ሲጎተት የሚላቀቅ መያዣ የሚያደርገው ለዚሁ ነው።

ክፍተቱን ስታስተካክዪ አንድ ነገር አስቢ። ከፎርኩ ጀርባ ያለው የጎማው ክፍል የሚዞረው ከታች ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ጠጠር የሚገባው ከታችኛው ጫፍ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ ይጎተታል። ታቹ ሰፍቶ ላዩ ከጠበበ የገባው ሁሉ ላይ ሲደርስ ይወሸቃል። ታችኛውን ጫፍ ጠጋ፣ ላይኛውን ራቅ አድርጊው፤ የገባ ነገር በቀላሉ ይወጣል። ሙሉውን በግድ ፍሬን ሥር የሚያሳልፉ ሰዎች ፓራፋንጎ የሚቆልፍባቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ታችኛው ጫፍ ላይ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ምላስ አንጠልጥዪ። መሬት ሊነካ አራት ጣት ያህል እስኪቀረው ይውረድ። ጫማሽን በትክክል የሚያድነው ይሄ ምላስ ነው። በረባሶ የሚሠሩት ጋ ከሄድሽ ትርፍራፊ ይሰጡሻል።

ለመንዳት ከመነሳትሽ በፊት ሰው ሳይክሉን ይያዝልሽና ተቀመጪ። ፔዳሉን ወደ ፊት አድርገሽ መሪውን አዙሪ። የጫማሽ ጫፍ ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ ከወዲሁ እወቂው። በፍጥነት ስትሄጂ መሪ ያን ያህል ስለማይዞር አይገጥምሽም። ቀስ ብለሽ ስትዞሪ ነው የሚጥልሽ።

የኋላው ቀላል ነው። ከመቀመጫው ቱቦ ላይ ተጣብቆ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ነገር ይበቃል። ከባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎን ቆርጠሽ ከመቀመጫው ሥር በኬብል ታይ ብታስሪው ከተገዛው አይተናነስም። ቢጫውን ምረጪ፣ ለመኪናም ይታያል። ከጓደኛ ጋር የምትነጂ ከሆነ ግን ረዘም ይበል። ካለበለዚያ ከኋላ ያለው ሰው ጭቃሽን ሲጠጣ ነው የሚውለው።

ያንቺ መንገድ ላይ የምፈራልሽ ዋልካውን ነው። አስፋልቱና አዲሱ የሳይክል መስመር ላይ ሳለሽ ችግር የለም። በአያትና በሰሚት የውስጥ መንገዶች፣ በተለይ ግንባታ ባለበት፣ ጥቁሩ ጭቃ እንደ ማስቲካ ጎማው ላይ ይጠቀለላል። ከፓራፋንጎው ሥር ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። ይሄን የሚከላከል ጠባብ ፓራፋንጎ የለም። እንደዚያ ያለ ቦታ ሲገጥምሽ ውረጂና ሳይክሉን ተሸከሚው፤ ኮርሳ እንደሆነ ቀላል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቤትሽ እስከ አስፋልቱ ያለው ሁሉ ዋልካ ከሆነ የኋላውን ፓራፋንጎ ብቻ አድርጊና የፊቱን ለጊዜው ፍቺው። በኬብል ታይ ያሰርሽው ለዚህም ይመቻል፤ መቀስና ጥቂት ትርፍ ማሰሪያ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

የፊት ፍሬኑን ከፊትና ከጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የፎርኩንም እግር ጨምሪ። የትኛው መፍቻ እንዳለፈ ከነገርሽኝ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት በፎቶው ላይ መስመር አስምሬ እመልስልሻለሁ።