«ሲወለድ አልቅሶ ነበር?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፊዚዮቴራፒስት ነሽ። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ የምትመጣ እናት አለች። ስታስረጃት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ያሳየሻትን እንቅስቃሴ ቤት አትሠራም። ከሦስት ቀጠሮ ሁለቱን ትቀራለች። ባለፈው ደግሞ ጮኸችብሽ። «ልጇን አትወደውም እንዴ ብዬ ማሰብ ጀምሬአለሁ፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እንዲህ በግልጽ መጠየቅሽን ወድጄዋለሁ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ያቺን እናት ግን አውቃታለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔም እንደሷ ነበርኩ።

ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ቆየብኝ። ሲወለድ አላለቀሰም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። የሚሰማው የማሽን ድምፅና የጫማ ኮቴ ብቻ ነበር። «ምን ሆነ?» ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። አንዷ ብቻ «ተኚ» አለችኝ። ልጄን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ሮጡ። እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ ይሙት ይኑር አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ መጀመሪያ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሲወለድ አልቅሶ ነበር?» ካርዱ ላይ ተጽፏል። ግን ዶክተሩ ይጠይቃል። ከዶክተሩ ጋር የቆሙት ተማሪዎች ይጠይቃሉ። አዲስ የተመደበችው ሲስተርም ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየሰማ። ለእናንተ አንዲት መስመር መረጃ ናት። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር እዚያ አልጋ ላይ ነኝ። እጄ በረዶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚነገረኝ አንድም አይገባኝም። የሰዎቹ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። እህቴ፣ ግድግዳውን የምታየው ንቃሽ አይመስለኝም። በዚያ ሰዓት አጠገብሽ የለችም።

ቀጠሮ መቅረቷም ከዚያው የመጣ ሊሆን ይችላል። እኔ ልጄን አዝዬ፣ ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ከክሊኒኩ በር ተመልሼ አውቃለሁ። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ አልሄድ አለኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ «ባለሙያዋ የለችም ተባልኩ» ብዬ ዋሸሁት። አፍሬ ነበር። ሰው ያንን ክፉ ቀን የሚያስታውሰውን ቦታ ሁሉ እንደሚሸሽ፣ ይህም የትራውማ፣ ማለትም ክፉ ድንጋጤ አእምሮ ላይ የሚተወው ቁስል፣ አንዱ ዋና ምልክት እንደሆነ የተማርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የኛ ነገር የሚከብደው፣ የምንሸሸው ቦታ ልጃችን የሚታከምበት ቦታ መሆኑ ነው።

እኔን የመለሰችኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። መጀመሪያ ቀን ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ካርዱን አንብቤዋለሁ። የወሊዱን ነገር አልጠይቅሽም። መናገር የፈለግሽ ቀን ግን ጊዜ አለኝ» አለችኝ። ቀጥላ «ምን ይወዳል?» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ምን እንደሚወድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ያስቀዋል አልኳት። በብዕሯ ጠረጴዛውን እየመታች አሳቀችው። እዚያ ቦታ ልጄ ሲስቅ የዚያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

በአራተኛው ቀጠሮ ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። «አይዞሽ» አላለችኝም። ይህን ልብ በይልኝ። አይዞሽ ደግ ቃል ነው፣ ግን ቶሎ ከመጣ አፍ ያዘጋል። «ቻይው»፣ «እግዜር ያውቃል» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። እሷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ያኔ ማንም አለመመለሱ ልክ አልነበረም» አለችኝ። ያን ቀን ሌሊቱን ተኛሁ።

ስለ ጥፋተኝነት ላንሳልሽ፣ ምክንያቱም ይህ ነው ከሁሉ የሚበላን። በእርግዝናዬ ውኃ በጄሪካን ተሸክሜ ነበር። አማቴ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለዋል። ሰፈሩ «ምን በድላ ነው?» ይላል። እኔም ተቀብዬው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ታዲያ ባለቤቴም አማቴም ባሉበት «በምጥ ሰዓት አንጎሉ ኦክስጅን አጥሮት ነው የተጎዳው። ከውኃው ጋር አይገናኝም። እርግማንም የለበትም» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በሦስት ቀጠሮ ደጋገመችው። የደነገጠ ሰው አንድ ጊዜ ሲነገረው አይዝም። ምክንያቱ በትክክል ያልታወቀ ልጅም ቢሆን፣ ያልሆነውን ንገሪያት። ይህንንም አባትየው ይስማ። አባቶች ለክፍያ ብቻ ይጠራሉ፤ የነሱን ድንጋጤ ማንም አይጠይቃቸውም።

ቤት ስለሚሠራው ደግሞ፣ ለኔ ቀድሞ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ 12 ሥዕል ነበር። ሳየው አለቀስኩ። እሷ አንድ ነገር ብቻ መረጠች፣ አመጋገቡን። አጥሚት የምሰጠው በጀርባው አስተኝቼ ነበር፣ ትን ይለዋል፣ ይጠቁራል። በቀን ሦስቴ ልጄ ሊሞት ነው እያልኩ ነበር የማበላው። ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ እንዳስቀምጠው፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ እንዲያዘነብል፣ በትንሽ ማንኪያ እንድሰጠው በራሴ እጅ አሠራችኝ። በሳምንቱ ትን ሳይለው አንድ ስኒ ጨረሰ። እኔም አብሬው ተነፈስኩ። ሌላውን እንቅስቃሴ ከማጠብና ከማልበስ ጋር አያይዛ ቀስ በቀስ ጨመረችልኝ። እናትየዋን ከቀኗ ውስጥ የትኛው ሰዓት እንደሚከብዳት ጠይቂያትና ከዚያ ጀምሪ።

ጸበል እወስደዋለሁ ካለችሽ አትከራከሪያት። ልጄ የሚጥል በሽታም ነበረበት። ዶክተሩ ሲቆጣኝ ጸበሉን ደበቅኩት፣ መድኃኒቱንም ተውኩት። እሷ ግን «ሂጂ፣ ክኒኑን ግን ይዘሽ ሂጂ፤ ባንዴ ከተቋረጠ የባሰ ይጥለዋል» አለችኝ። ሁለቱንም አደረግኩ።

ከሌላ እናት ጋር ማገናኘት የመሰለ ነገር የለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ልጃቸው ኦቲዝም በአደባባይ ተናግረው እ.ኤ.አ. በ2002 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ልጁን ቤት ደብቆ ለሚኖር ስንት ቤተሰብ በር እንደተከፈተ አስቢው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠናም በአገራችን ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፣ የአሳዳጊዋ የራሷ ጤናም በውስጡ ተካቷል። አካባቢሽ ከሌለ በአንድ ቀን የሚመጡ ሁለት እናቶችን ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ቅጠሪያቸው። ወረፋ ሲጠብቁ ይተዋወቃሉ። እኔ ከጓደኛዬ ጋር የተዋወቅኩት እንደዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፊ። «እኔም እሱም ብንሞት ይሻል ነበር» ስትል ከሰማሽ፣ ምሬት ነው ብለሽ አትተይው። እኔም ብዬዋለሁ፣ የምሬንም ነበር። ራስሽን ወይም ልጁን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። «አዎ» ካለች ለሚቀጥለው ቀጠሮ አይቆይም። ስልክ ቁጥር ብቻ ጽፈሽ አትስጫት፣ ያንኑ ቀን ራስሽ ይዘሻት ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሂጂ።

ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው ብለሻል። ሰኞ ማታ ደውይላት። «ለምን ቀረሽ?» አትበያት። ልጁ እንዴት እንደዋለ ጠይቂያት፣ እሷስ እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ። ከዚያ «ነገ እጠብቃችኋለሁ፣ በሩ ድረስ ወጥቼ እቀበላችኋለሁ» በያት።